ወደ ቼሳፒክ ከመውጣትዎ በፊት የጀልባዎን ሬዲዮ እንዴት እንደሚፈትሹ

ለሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ለአሌክሳንድሪያ ነዋሪ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ሩቅ አይደለም። ትንሽ ጀልባ ያለው ሰው ቅዳሜ ማለዳ ጀልባውን ከመኪናው ጋር አያይዞ ከአናፖሊስ አጠገብ ወደሚገኘው ሳንዲ ፖይንት ቢሄድ፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ በስተቀር በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ይደርሳል። ይህ ቅርበት ያዘናጋል። ነዳጁ ይሞላል፣ በረዶው ይገዛል፣ የሕይወት ማዳኛ ጃኬቱ ይቆጠራል፤ ሬዲዮው ግን ስክሪኑ ከበራ ደኅና ነው ተብሎ ይታለፋል። የስክሪኑ መብራት የሚያረጋግጠው ኤሌክትሪክ መድረሱን ብቻ ነው። ከጎንዎ የቆመው ጀልባ ባለቤት «በደንብ ይሰማል» ቢልዎትም የተረጋገጠው ከዚያ እምብዛም አይበልጥም፤ ምክንያቱም አንቴናው የተበላሸ ሬዲዮ እንኳ ሃያ ሜትር ርቀት ላይ ጥርት ብሎ ሊሰማ ይችላል።

ፍተሻ የሚባለው ሦስት ነገሮችን ለይቶ የሚያሳይ መሆን አለበት። አንደኛው ድምፅዎ ሩቅ መድረሱ ነው። ሁለተኛው ሬዲዮው እርስዎ ማን እንደሆኑና የት እንዳሉ በትክክል ማወቁ ነው። ሦስተኛው፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳው፣ እርስዎ ራስዎ ቢጎዱ ወይም ከጀልባው ቢወድቁ ከእርስዎ ጋር ያለው ሰው ሬዲዮውን አንስቶ እርዳታ መጥራት መቻሉ ነው።

«ስልክ እያለ ሬዲዮ ምን ያደርጋል?» የሚል ጥያቄ ስለሚነሳ ባጭሩ መመለስ ይገባል። ስልክ የሚደርሰው ለደወሉለት አንድ ሰው ነው፤ ቪኤችኤፍ የሚባለውን የጀልባ ሬዲዮ ግን በአካባቢው ያለ ጀልባ ሁሉ ይሰማዋል፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርስልዎትም አብዛኛውን ጊዜ በአጠገብዎ የሚያልፍ ዓሣ አጥማጅ ነው። የአሜሪካ ኮስት ጋርድ (የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ኃይል) «ሬስኪው 21» የተባለው የማማዎች መረብ ደግሞ ከውኃው ወለል 2 ሜትር ከፍታ ካለው አንቴና በ1 ዋት የተላከን ድምፅ እስከ 20 የባሕር ማይል ድረስ እንዲሰማ፣ ድምፁ የመጣበትንም አቅጣጫ እንዲያሳይ ታስቦ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 2024 ዳሊ የተባለችው መርከብ በባልቲሞር የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይን ከመምታቷ በፊት በነበሩት ጥቂት ጊዜያት፣ መርከቧን ይመራ የነበረው ፓይለት በሬዲዮ ያስተላለፈው ማስጠንቀቂያ ድልድዩ ለመኪናዎች እንዲዘጋ ረድቷል። በድልድዩ ላይ ሲሠሩ የነበሩ ስድስት ሰዎች ሕይወታቸውን ቢያጡም፣ ወደ ድልድዩ ያመሩ የነበሩ መኪናዎች ግን ተርፈዋል።

በቤት ግቢ የሚደረገው

የፍተሻው ግማሽ ጀልባው ገና በተጎታቹ ላይ ሳለ በእርጋታ ሊሠራ ይችላል። ነገር ግን አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው አንድ ሕግ አለ፤ የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ደንብ ጀልባው መሬት ላይ ሳለ በጀልባው ሬዲዮ ማስተላለፍን ይከለክላል። ስለዚህ በግቢዎ ውስጥ የሚሠራው ማየት፣ መለካትና ማዳመጥ ብቻ ነው፤ መናገሩ ጀልባው ውኃ ላይ እስኪያርፍ ይቆያል።

በባትሪው ይጀምሩ። ሞልቶ ለጥቂት ሰዓታት ያረፈ ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.2 ካሳየ ግማሽ ያህሉ አልቋል፤ ከ12 በታች ከወረደ ደግሞ በዚያ ባትሪ መውጣት አይገባም። ቀጥሎ ሬዲዮውን አብርተው ኤሌክትሪኩ ወደ ሬዲዮው ከሚገባበት ቦታ ላይ ይለኩ። በባትሪውና በሬዲዮው መካከል የሚታየው ልዩነት ኢምንት መሆን አለበት። እዚህ ላይ ግን አንድ የሚያታልል ነገር አለ፤ ሬዲዮው ሲያዳምጥ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከአንድ አምፒር በታች ሲሆን በ25 ዋት ሲያስተላልፍ ግን 5 ወይም 6 አምፒር ይስባል። ስለዚህ የዛገ ወይም የላላ መጋጠሚያ በማዳመጥ ጊዜ ምንም ምልክት ሳያሳይ ይቆይና፣ እርስዎ ለእርዳታ ማይኩን በተጫኑበት ቅጽበት ሬዲዮው ጠፍቶ ይበራል። ይህን ችግር የሚያጋልጠው ሬዲዮው በሙሉ ኃይል እያስተላለፈ ሳለ የሚደረግ ልኬት ነውና፣ መልቲሜትሩን ወደ ውኃው ይዘው ይሂዱ። በዚያን ጊዜ በባትሪውና በሬዲዮው መካከል ያለው ልዩነት ከ3 በመቶ፣ ማለትም ከ0.4 ቮልት ገደማ ከበለጠ ሽቦው ቀጭን ነው ወይም አንድ ቦታ ላይ ዝገት ይዞታል።

ፊውዙን አውጥተው ይመልከቱ። ያልተቃጠለ ፊውዝም ቢሆን መያዣው አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት ከያዘ ነገ የሚያስቸግር ነው። የቼሳፒክ ውኃ ጨዋማና ጨው አልባ ውኃ የተቀላቀለበት ቢሆንም መዳብ ለመብላት በቂ ጨው አለው። ትርፍ ፊውዝ በጀልባው ውስጥ ማስቀመጥ ወጪው ጥቂት ጥቅሙ ብዙ ነው።

አንቴናው

በእኔ እምነት ከሬዲዮው ዋጋ ይልቅ ለአንቴናውና ለኬብሉ የሚወጣው ገንዘብ ይበልጥ ያተርፋል። የቪኤችኤፍ ሞገድ ከሞላ ጎደል ቀጥ ብሎ የሚሄድ በመሆኑ፣ ድምፅዎ የት እንደሚደርስ የሚወስነው በዋነኛነት የአንቴናው ከፍታ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ አንቴናው ከውኃው በላይ ያለውን ከፍታ በጫማ ለክተው የቁጥሩን ስኩዌር ሩት በ1.23 ቢያባዙ በባሕር ማይል የሚያየውን ርቀት ያገኛሉ። 9 ጫማ ከፍታ ያለው አንቴና 3.7 የባሕር ማይል ያህል ያያል፤ ተመሳሳይ አንቴና ያለው ሌላ ጀልባ ደግሞ የራሱን 3.7 ስለሚጨምር ሁለቱ እስከ 7 የባሕር ማይል ገደማ ሊነጋገሩ ይችላሉ። ይህን ቁጥር ለጀልባዎ አስቀድመው አስልተው ይያዙት፤ በኋላ የፍተሻውን ውጤት የሚመዝኑበት እሱ ነው።

ኬብሉን ከአንቴናው ሥር እስከ ሬዲዮው ጀርባ ድረስ በእጅዎ እየዳሰሱ ይከተሉት። የተጨፈለቀ፣ በጠባብ ማዕዘን የታጠፈ ወይም ሽፋኑ የተሰነጠቀ ቦታ ካለ ውኃ ገብቷል ብለው ያስቡ። ከሬዲዮው ጀርባ የሚጠመዘዘውን መጋጠሚያ ፈትተው ውስጡን ይመልከቱ። መካከለኛው ፒን ንጹሕና የሚያብረቀርቅ፣ ዙሪያውን ያለው የሽቦ ጥልፍ የመዳብ ወይም የቆርቆሮ ቀለም ያለው መሆን አለበት፤ የጠቆረ ወይም አረንጓዴ ከሆነ መጋጠሚያውን መጥረግ አይበቃም፣ ኬብሉ ራሱ እንደ ፈትል ውኃውን ወደ ውስጥ ስለሚስብ ጉዳቱ ከሚታየው ቦታ አልፎ ይሄዳል። መልሰው ሲያጠብቁት በእጅ እስኪጠብቅ ድረስ ይበቃል፤ በጉጠት ማስጨነቅ አያስፈልግም።

ኬብሉ ከሁለቱም ጫፍ ተፈትቶ ሳለ በመልቲሜትር መካከለኛውን ፒንና የውጭውን ብረት ቢለኩ መገናኘት የለባቸውም። አንቴናውን ራሱን ለብቻው ሲለኩ ግን ይጠንቀቁ፤ አንዳንድ አንቴናዎች በአሠራራቸው ምክንያት ሁለቱ ጫፎች የተገናኙ ሆነው ይታያሉ፤ ይህ ብልሽት አይደለም። አስተማማኙ መለኪያ ኤስደብሊውአር ሜትር የሚባለው ነው፤ በሬዲዮውና በኬብሉ መካከል ይገባና ከተላከው ኃይል ምን ያህሉ ተመልሶ እንደመጣ ያሳያል። 1.5 ወይም ከዚያ በታች ጥሩ ነው። 2 ሲደርስ 11 በመቶ ያህል ኃይል ይመለሳል፤ 3 ሲደርስ ሩብ ያህሉ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ አንቴናው ወይም ኬብሉ ሳይጠገን መውጣት ተገቢ አይደለም። ብዙ ሰው ይህን መሣሪያ ስለሌለው ከማሪናው (ከጀልባ ማቆሚያው) ባለሙያ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በተለይም ጀልባው ከክረምት ዕረፍት ሲወጣ፣ ማስለካት በቂ ነው። አንቴናው ሳይገጠም ግን በፍጹም አያስተላልፉ፤ የሬዲዮው የማስተላለፊያ ክፍል ሊቃጠል ይችላል።

ማዳመጥ

መጀመሪያ ስኩዌልች የሚባለውን፣ የሬዲዮውን ጫጫታ የሚያፍነውን መቆጣጠሪያ፣ ሹክሹክታው እስኪሰማ ድረስ ዝቅ ያድርጉት፤ ከዚያ ሹክሹክታው እስኪቆም ብቻ ከፍ ያድርጉት። ጫጫታውን ለማስቀረት ሲባል ከዚያ በላይ ከፍ ከተደረገ ደካማውን ድምፅ፣ ማለትም በእርግጥ የተቸገረውን ሰው፣ አብሮ ይዘጋዋል። ቀጥሎ የአየር ሁኔታ ቻናሉን ይክፈቱ። በዚህ አካባቢ ከባልቲሞር በ162.400፣ ከዋሽንግተን በኩል ደግሞ በ162.550 ሜጋኸርዝ ሌት ተቀን የአየር ትንበያ ይተላለፋል። ይህም ሁለት ጥቅም አለው፤ የመቀበያውን ክፍል ያለ ሌላ ሰው እርዳታ ይፈትሻል፣ የበጋ ከሰዓት በኋላ የሚነሳውን የቼሳፒክ ነጎድጓድም አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። አንቴናውን ነቅለው ቢሞክሩ ድምፁ ይዳከማል ወይም ይጠፋል፤ ለውጥ ካላመጣ ግን አንቴናው ድሮም እየሠራ አልነበረም ብሎ መጠርጠር ይገባል።

እዚሁ ላይ ሳሉ ስክሪኑ ጥግ ላይ የተጻፈውን ይመልከቱ። ሬዲዮዎች ለአሜሪካ፣ ለካናዳና ለዓለም አቀፍ የተለዩ የቻናል አደረጃጀቶች አሏቸው፤ አንድ ቁልፍ በስህተት ሲነካ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። የጥሪና የአደጋ ቻናል የሆነው ቻናል 16 በሦስቱም አንድ ዓይነት ስለሆነ ስህተቱ አይታወቅም። ኮስት ጋርድ «ወደ 22 አልፋ ይለፉ» ሲልዎት ግን ችግሩ ይወጣል። በአሜሪካ አደረጃጀት 22 አልፋ የሚያወራውም የሚሰማውም በ157.1 ሜጋኸርዝ ሲሆን፣ በዓለም አቀፉ ቻናል 22 ላይ ግን የሚሰማው በ161.7 ነው። ያን ጊዜ እነርሱ ይሰሙዎታል፣ እርስዎ ግን አይሰሟቸውም። በአዳዲስ ሬዲዮዎች ላይ ይኸው ቻናል 1022 ተብሎ ሊጻፍ ስለሚችል ቁጥሩ ቢለወጥ አይደናገጡ።

መናገር

ጀልባው ውኃ ላይ ከዋለ በኋላ የድምፅ ፍተሻ ይደረጋል። በቻናል 16 ላይ ኮስት ጋርድን ጠርቶ «ትሰሙኛላችሁ?» ማለት የተከለከለ ነው፤ ከዚህ ነጻ የሚሆኑት የኮሚሽኑ ተወካዮችና መሣሪያ የሚገጥሙ ወይም የሚጠግኑ ባለሙያዎች ብቻ ናቸው። የክልከላውም ምክንያት ግልጽ ነው፤ እርስዎ «አንድ፣ ሁለት» እያሉ ሳለ እየሰመጠ ያለ ሰው የሚያሰማው ጥሪ ሊሸፈንብዎት ይችላል። ለሽርሽር ጀልባዎች የሚመከረው ቻናል 9 ነው። ከዚህ ሌላ ሲ ቶው የተባለው የጀልባ ጎታች ድርጅት በብዙ የባሕር ዳርቻዎች በራሱ የሚመልስ የፍተሻ አገልግሎት አለው፤ እንደ አካባቢው በቻናል 24፣ 26፣ 27 ወይም 28 ላይ ጥሪዎን ተቀብሎ የራስዎን ድምፅ መልሶ ያሰማዎታል። ይህኛው በጣም ጠቃሚ ነው፤ ምክንያቱም ሰው በትህትና «ደኅና ነው» ሊልዎት ይችላል፣ የራስዎን ድምፅ ሲሰሙት ግን ማይኩን በጣም ጠጋ አድርገው መያዝዎን፣ ነፋሱ መግባቱን፣ የመጀመሪያው ቃል መቆረጡን በጆሮዎ ያረጋግጣሉ።

አነጋገሩ የተለመደ ቅርጽ አለው። ቻናሉ ነጻ መሆኑን ለጥቂት ጊዜ አዳምጠው፣ ማይኩን ከአፍዎ ሁለት ጣት ያህል አርቀው በትንሹ ወደ ጎን አዙረው ይያዙ፤ ቁልፉን ተጭነው አንድ ሰኮንድ ያህል ይጠብቁና በተለመደ ድምፅዎ ይናገሩ። ጀልባዎ ሳባ የምትባል ከሆነች «ኤኒ ስቴሽን፣ ኤኒ ስቴሽን፣ ዚስ ኢዝ ሞተር ቬስል ሳባ፣ ሳባ፣ ኒር ሳንዲ ፖይንት፣ ኦን ቻናል ናይን፤ ሬዲዮ ቼክ፣ ኦቨር» ይላሉ። ቁልፉን መልቀቅዎን ያረጋግጡ። መልስ ካልመጣ ደቂቃ ጠብቀው እንደገና ይሞክሩ፤ ሳያቋርጡ መጮህ ቻናሉን ከማጨናነቅ በቀር የሚጨምረው የለም። የአነጋገር ዘይቤዎ ከሌላው ቢለይ አይጨነቁ፤ በውኃ ላይ የሚፈለገው ዝግ ያለና ጥርት ያለ አነጋገር ነው፣ ያ ደግሞ በልምምድ የሚገኝ ነው።

አሁን የፍተሻው ዋና ነጥብ ላይ ደርሰናል። «ላውድ ኤንድ ክሊር» የሚል መልስ ሲመጣ አመስግነው ከመዝጋትዎ በፊት የመለሰልዎት ሰው የት እንዳለ ይጠይቁ። መላሹ በዚያው ማሪና ውስጥ ከሆነ ያገኙት መረጃ ጥቂት ነው። ከቶማስ ፖይንት የመብራት ቤት አጠገብ፣ ማለትም ከሳንዲ ፖይንት ወደ 7 የባሕር ማይል ከሚጠጋ ርቀት ከሆነ ግን፣ ቀደም ሲል ያሰሉት ቁጥር በተግባር ተረጋገጠ ማለት ነው። ሩቅ ያለ ሰው ካልተገኘ ኃይሉን ወደ 1 ዋት ዝቅ አድርገው አንድ ወይም ሁለት ማይል ላይ ካለ ጀልባ ጋር ይሞክሩ። በ25 ዋት ብቻ የሚሰማ፣ በ1 ዋት ግን በዚያ አጭር ርቀት የሚጠፋ ሬዲዮ የአንቴና ችግር አለበት ብሎ መጠርጠር ይገባል። በነገራችን ላይ ቻናል 13ን ሲከፍቱ ኃይሉ በራሱ 1 ዋት ቢሆን ብልሽት አይደለም፤ ቻናሉ መርከቦች እርስ በርስ በቅርብ የሚነጋገሩበት በመሆኑ እንዲያ ተደርጎ የተሠራ ነው።

ቀዩ ቁልፍ

የዛሬ ቋሚ ሬዲዮዎች በቀይ ክዳን የተሸፈነ የአደጋ ቁልፍ አላቸው። ክዳኑን አንስተው ለጥቂት ሰኮንዶች ተጭነው ሲይዙት ሬዲዮው በቻናል 70 በኩል የጀልባውን መለያ ቁጥርና ያለበትን ቦታ በዲጂታል መልእክት ይልካል፤ የሚቀበል እስኪያገኝም በየአራት ደቂቃው ገደማ ይደጋግመዋል። ይህ ቴክኖሎጂ ዲኤስሲ ይባላል። ነገር ግን ቁልፉ የሚልከው የተሰጠውን ብቻ ነው። ኮስት ጋርድ በ2010 ባወጣው የደኅንነት ማስጠንቀቂያ ከሚደርሱት የዲኤስሲ የአደጋ መልእክቶች ወደ 90 በመቶ የሚሆኑት ቦታን እንደማይገልጹ፣ 60 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ የተመዘገበ መለያ እንደሌላቸው አስታውቆ ነበር። ጀልባ ላይ ያለ ሰው ሁሉን ነገር ያሟላሁ መስሎት ያድነኛል ብሎ የሚተማመንበት ቁልፍ፣ «አንድ ሰው የሆነ ቦታ ተቸግሯል» ከማለት በቀር የማይናገር ሆኖ ይገኛል። ይህ በእውነት የሚያሳዝን ነው፤ ለማስተካከል የሚወስደው ከአንድ ሰዓት አይበልጥምና።

መለያው ኤምኤምኤስአይ የሚባል ባለ 9 አኃዝ ቁጥር ነው። በአሜሪካ ውኃ ብቻ ለሚንቀሳቀስ የሽርሽር ጀልባ እንደ ቦት ዩኤስ ካሉ ድርጅቶች ይገኛል፤ ወደ ባሃማስ ወይም ወደ ሌላ አገር ለሚሻገር ግን ከፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የሚሰጠው ፈቃድና ቁጥር ያስፈልጋል። ቁጥሩን በሬዲዮው ውስጥ ሲያስገቡ ሁለት ጊዜ አንብበው ያረጋግጡ፤ አብዛኞቹ ሬዲዮዎች አንዴ ከተመዘገበ በኋላ በባለቤቱ እንዲለወጥ አይፈቅዱም። ያገለገለ ጀልባ የገዛ ሰው ደግሞ በምናሌው ውስጥ የተጻፈው ቁጥር የማን እንደሆነ ማጣራት አለበት። የቀድሞው ባለቤት ቁጥር ከተተወ እርስዎ ቀዩን ቁልፍ ሲጫኑ የሚደወልለት ለእርሱ ቤተሰብ ነው፣ የሚፈለገውም የእርሱ ጀልባ ነው። ቁጥሩን የሚያጠፋው አምራቹ ወይም የሻጩ ባለሙያ ነው። የተመዘገበው የአደጋ ጊዜ ስልክም ዛሬ የሚነሳ ስልክ መሆኑን ያረጋግጡ።

ቦታውን ለማረጋገጥ ስክሪኑ ላይ ያለውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ከስልክዎ ጂፒኤስ ጋር ያስተያዩ። በአናፖሊስ ዙሪያ 38 ወይም 39 ዲግሪ ሰሜን፣ 76 ዲግሪ ምዕራብ ማየት አለብዎ። ሬዲዮው በሽቦ ከጂፒኤስ ስክሪን ጋር የተያያዘ ከሆነ ያንን ስክሪን አጥፍተው ሬዲዮው ምን እንደሚል ይመልከቱ፤ ብዙውን ጊዜ ቦታው ይጠፋል ወይም ያረጀ ሆኖ ይቀራል። አደጋ ሲደርስ ደግሞ በመጀመሪያ የሚጠፋው ብዙ ኤሌክትሪክ የሚወስደው ትልቁ ስክሪን ሊሆን ይችላል። አዲስ ሬዲዮ ለሚገዛ ሰው የራሱ ጂፒኤስ በውስጡ ያለውን እንዲመርጥ የምመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ ዲኤስሲው ራሱ ይፈተሻል፤ በቀዩ ቁልፍ ግን በፍጹም አይሞከርም። ሆን ብሎ የሐሰት የአደጋ ጥሪ ማድረግ በአሜሪካ ከባድ የፌዴራል ወንጀል ነው። ትክክለኛው መንገድ በምናሌው ውስጥ ዲኤስሲ የሚለውን ከፍቶ የፍተሻ ጥሪ የሚለውን መርጦ ወደ 003669999 መላክ ነው። ይህ ቁጥር የኮስት ጋርድ ማማዎች የጋራ ቁጥር ሲሆን በራሱ ይመልሳል፤ ሬዲዮዎ ድምፅ ያሰማና ጥሪው መድረሱን በስክሪኑ ላይ ይጽፋል። የፍተሻ ጥሪ የሚል ምርጫ የሌለው የቆየ ሬዲዮ ከሆነ የሬዲዮውን መመሪያ መጽሐፍ ይመልከቱ። በስህተት ቀዩን ቁልፍ የተጫነ ሰው ካለ ሬዲዮውን አጥፍቶ ዝም ማለት ትክክል አይደለም፤ ጥሪውን በምናሌው ይሰርዝና በቻናል 16 ላይ ሙሉ ስሙንና መለያ ቁጥሩን ተናግሮ የአደጋ ጥሪው በስህተት የተላከና የተሰረዘ መሆኑን ለሁሉም ያስታውቅ። ፈጥኖ በግልጽ ላስታወቀ ሰው ነገሩ በዚያው ያበቃል።

የእጅ ሬዲዮ ያለው ሰው ሙሉ በሙሉ ቻርጅ ማድረጉን፣ አንቴናው አለመሰንጠቁንና በ5 ወይም በ6 ዋት የሚልክ መሆኑን ይመልከት። ተቀምጠው ቢይዙት ከውኃው 4 ጫማ ያህል ብቻ ከፍ ስለሚል ከሌላ የእጅ ሬዲዮ ጋር ከ5 የባሕር ማይል በላይ አይጠብቁ። ቦታውም በሳጥን ውስጥ ሳይሆን በደረትዎ ላይ ነው።

ከእርስዎ ሌላ ያለው ሰው

ባለቤትዎ፣ ልጅዎ ወይም እንግዳዎ ሬዲዮውን ማብራት፣ ቻናል 16ን ማግኘት፣ ማይኩን መጫንና መልቀቅ እንዲሁም ቀዩን ቁልፍ ማወቅ አለባቸው። ከማሪናው ሳይወጡ የድምፅ ፍተሻውን እነርሱ እንዲያደርጉት ያድርጉ፤ አንድ ጊዜ የተናገረ ሰው በድንጋጤ ጊዜ አፉ አይያዝም። ከሬዲዮው አጠገብ ውኃ የማያርሰው ካርድ ይለጥፉ። እንግሊዝኛ ማንበብ የሚከብዳቸው እናት ወይም አባት አብረው የሚወጡ ከሆነ ካርዱን በፊደላችን ይጻፉት፤ ለምሳሌ፦

«ሜይዴይ፣ ሜይዴይ፣ ሜይዴይ። ዚስ ኢዝ ሳባ፣ ሳባ፣ ሳባ። ሜይዴይ ሳባ። ማይ ፖዚሽን ኢዝ…» ከዚህ በኋላ በስክሪኑ ላይ ያሉት ቁጥሮች አንድ በአንድ ይነበባሉ። ቀጥሎ የደረሰው ነገር ይነገራል፤ «ዊ አር ሲንኪንግ»፣ «ፋየር»፣ «ማን ኦቨርቦርድ» የሚሉት በካርዱ ላይ ከአማርኛ ትርጉማቸው ጋር ተጽፈው በጣት የሚጠቆሙ ይሁኑ። ከዚያ የሚፈለገው እርዳታ፣ በጀልባው ላይ ያሉት ሰዎች ቁጥር፣ የጀልባው ርዝመትና ቀለም ይከተላሉ፤ በመጨረሻም «ኦቨር» ተብሎ ቁልፉ ይለቀቃል። ርዝመቱና ቀለሙ አስቀድመው በካርዱ ላይ ይታተሙ፤ በየጉዞው የሚለወጠው የሰው ቁጥር ስለሆነ በሚጠፋ እስክሪብቶ ጠዋት ጠዋት ይሞላ። መልስ ካልመጣ ጥሪው ይደገም፤ ማይኩ ተጭኖ እንደተያዘ ከቀረ ግን የሚመጣውን መልስ ራሱ ስለሚዘጋው ቁልፉን መልቀቅ የሚለው በካርዱ ላይ በትልቁ ይጻፍ።

ፍተሻው ሲያልቅ ሬዲዮው በፍተሻው ጊዜ በነበረበት ሁኔታ እንዳይቀር ይጠንቀቁ። ቻናሉን ከ9 ወደ 16 ይመልሱ፤ ሬዲዮው እስከበራ ድረስ ሌላ ንግግር ላይ ካልሆኑ በቀር በ16 ላይ ማዳመጥ የደንብ ግዴታም ነው። ኃይሉን ከ1 ወደ 25 ዋት ከፍ ያድርጉ፤ ከዚያም ሞተሩን አስነስተው በጉዞ ፍጥነት ሲሄዱ ድምፁ የሚሰማ መሆኑን አዳምጠው ያስተካክሉት፤ በቆመ ጀልባ ላይ ጥሩ የነበረው ድምፅ ሞተሩ ሲጮህ ስለማይሰማ።